የካሴት ዘመን ልጆች፦ ትዝታ በገዳሪፍና በመተማ መካከል

በገዳሪፍ ገበያ ዳር ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ፣ የቀትሩ ሙቀት በረድ ሲል፣ ከአንድ አሮጌ ስልክ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ይሰማል። ጠጉራቸው የሸበተ አንድ ደንበኛ ሲኒያቸውን ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ይቆማሉ። ከንፈራቸው ግጥሙን ከዘፋኙ ቀድሞ ይለዋል። ቡና የምታፈላው ወጣት ፈገግ ብላ «ጋሼ፣ ዛሬም ያንኑ?» ትላቸዋለች። እዚያው ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ደግሞ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ሌላ ዜማ ያዳምጣል። የሱ ዘፈን ዐረብኛ ነው፤ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጥቶ ይመለከተው የነበረ የጃፓን ካርቱን መክፈቻ ነው። ሁለቱም ከዚህ ዘመን ዘፈን አንዱንም አልመረጡም።

ሰው በጎልማሳነቱ ወደ ልጅነቱ ጨዋታና ወደ ወጣትነቱ ዘፈን ሲመለስ «ልጅነት አልለቀቀውም» ይባላል። አነጋገሩ ፌዝም ወቀሳም አለበት። በሰላም አገር፣ በተወለደበት ቀዬ ላረጀ ሰው ወቀሳው ምናልባት ይገባው ይሆናል። በምሥራቅ ሱዳንና በድንበሩ አካባቢ ለሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ የብዙ ሰው ወጣትነት በወጉ አላለቀም፤ መንገድ ላይ ተቋርጧል። ስለዚህ የድሮው ዘፈን የሥራ ፈት መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ያለ ስንብት የተተወ ዕድሜ የተቀመጠበት ዕቃ ነው። ይህን ለመረዳት የዘፈኑንም የስደቱንም ታሪክ ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታ የነበረ ስሜት

በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረበ። ጽሑፉ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሳና የሚያከሳ ሕመም የሚገልጽ ነበር። ሆፈር «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ ስሙን «ኖስታልጂያ» አለው። በባዕድ ሠራዊት ውስጥ በቅጥር የሚዋጉት የስዊዝ ወታደሮች ዋነኞቹ ሕመምተኞች ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። ዣን ዣክ ሩሶ በ1768 ባሳተመው የሙዚቃ መዝገበ ቃላት፣ የከብት እረኞች ዜማ በእነዚህ ወታደሮች መካከል እንዳይሰማ በሞት ቅጣት ጭምር ተከልክሎ እንደነበር ጽፏል። ዜማውን የሰማ ወታደር ያለቅሳል፤ አለዚያም ይከዳል ተብሎ ይፈራ ነበርና ነው። እንግዲህ ስሜቱ ገና ስም ሲወጣለት ከስደትና ከዘፈን ጋር ተቆራኝቶ ነበር ማለት ነው።

አማርኛ ለዚህ ስሜት ቃል መዋስ አላስፈለገውም። «ትዝታ» የሐሳቡም፣ የቅኝቱም፣ የዘፈኑም ስም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ በስሙ ያልዘፈነ ታላቅ ድምፃዊ ማግኘት ያስቸግራል። የቋንቋው አሠራርም ልብ ሊባል ይገባዋል። አማርኛ ተናጋሪ «አስታወስኩ» ሲል ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ፈልጎ ያመጣው ነገር አለ። «ትዝ አለኝ» ሲል ግን ባለቤቱ ነገሩ ነው፤ ሰውዬው ተቀባይ ብቻ ነው። ትዝታ ሰው የሚሠራው ሥራ ሳይሆን በሰው ላይ የሚመጣ እንግዳ መሆኑን ሰዋስዉ ራሱ ይመሰክራል። የቡና ቤቱ ደንበኛ ሲኒያቸውን ያቆሙት ሊያስታውሱ ፈልገው አልነበረም።

ከሸክላ ወደ ካሴት

እኚህ ሰው የሚያዳምጡት ዘፈን የራሱ ውጣ ውረድ አለው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዘመናዊው ሙዚቃ ያደገው በመንግሥት ተቋማት ጥላ ሥር ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች እንዲሁም የሀገር ፍቅር ቴአትር የድምፃውያኑ ማደጊያ ነበሩ። ሸክላ የማሳተም መብትም በብቸኝነት ተይዞ ቆይቷል። በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የሙዚቃ መደብር ባለቤት ይህን ክልከላ በድፍረት ጥሶ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ዘፋኞቹ አንዱ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎችም የታተሙት ሕንድ አገር ነው። አምሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን ለገበያ አቀረበ። እርሱን ተከትሎ አሊ አብደላ ካይፋ በ1973 የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1975 የወጣው በዚሁ በካይፋ በኩል ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ መልኩ ሁሉ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የአዲስ አበባን የምሽት ሕይወት ዘጋው። ባንዶች በሆቴሎች ውስጥ ሲጫወቱ ታዳሚው ከገባ እስከ ንጋት መውጣት አይችልም ነበር፤ ጭፈራውም የውዴታ እስራት መሰለ። ግጥም በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። አምሃ እሸቴ በ1975 አገሩን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ሄደ። በሰባዎቹ ዓመታት መጨረሻ የሸክላ ኅትመት አቆመ።

የሸክላን ቦታ የወሰደው ካሴት ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 ያስተዋወቀው ይህ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከሸክላ የሚለይበት ታላቅ ነገር ነበረው፤ ማንም ሰው ሊቀዳው ይችላል። ሸክላ ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ካሴት ሁለት ቴፕ ብቻ። ሸክላ ይሰበራል፤ ካሴት በኪስ ይገባል። ሸክላ ኤሌክትሪክ ያለበትን ቤት ይፈልጋል፤ ካሴት በባትሪ ድንጋይ በረሃ ላይ ይዘፍናል። ለተሰደደ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ አልነበረም።

ድንበር የተሻገረ ዕቃ

ከ1977 እና 1978 ቀይ ሽብር፣ ከሰሜኑ ጦርነትና በኋላም ከ1984 እና 1985 ረሃብ የሸሸው ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ጎረፈ። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ተሰደው በሱዳን የሚኖሩት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከዶካ ብዙም በማይርቀው በኡም ራኩባ መጠለያ በረሃብ የተጎዱ ገበሬዎች፣ ከከተማ የሸሹ ተማሪዎች፣ ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ የሚጠብቁ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ሣር ጎጆ ሠፈር ተቀመጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከመጠለያ ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ አለፉ። ብዙዎች ደግሞ እዚሁ ቀሩ።

ከከተማ ከመጣው ወጣት አብዛኛው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በዕድሜ የገፋ ሰው ሕይወቱን ወደ ኋላ ሲቃኝ በብዛትና በጥራት ትዝ የሚለው ከዐሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ዕድሜው ያለው ዘመን መሆኑን ደጋግመው አረጋግጠዋል። ዘፈንም በዚያው ዕድሜ የተሰማው ነው ሥር የሚሰደው። አገሩ ላይ ለኖረ ሰው ይህ ዘመን ቀስ በቀስ ወደ ጎልማሳነት ይሻገራል፤ ያደገበት ሠፈር አብሮት ይለወጣል፤ ጓደኞቹ አብረውት ይሸብታሉ፤ ዘፋኙም አብሮት ያረጃል። ለስደተኛው ግን ሁሉም ነገር ድንበሩን በተሻገረበት ሌሊት ቆመ። የመጨረሻው ዘፈን የመጨረሻው ዘፈን ሆኖ ቀረ። ለአርባ ዓመት ያንኑ የሙሉቀን መለሠን ወይም የብዙነሽ በቀለን ዘፈን የሚደጋግመውን ሰው «አዲስ ነገር አይወድም» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ሰውዬው የተወው መንደር፣ የተወው ትምህርት ቤትና የተወው ፍቅር በዚያ ዘፈን ውስጥ እንጂ በሌላ ቦታ የለም።

በሰማንያዎቹ አንድ ካሴት በምሥራቅ ሱዳን ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ያዩት ያውቁታል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀዳ፣ ቅጂው እንደገና እየተቀዳ፣ ድምፁ ከሩቅ ሸለቆ የሚመጣ እስኪመስል ይደክማል። የተጣመመው ክር በእስክሪብቶ ይጠነጠናል፤ የተበጠሰው በጥፍር ቀለም ወይም በፕላስተር ይጣበቃል፤ የደከመው የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ዜናው በዶይቸ ቬለና በ1982 በተጀመረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ይመጣል፤ ዘፈኑ ግን በካሴት ነው የሚመጣው። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ የመተማና የገላባት መንገድ ሲከፈት ነጋዴው፣ የሎሪ ሾፌሩና በየክረምቱ ለአረምና ለአጨዳ የሚሻገረው ሳሉግ አዳዲስ ካሴቶችን ይዘው ገቡ። በማሽላና በሰሊጥ እርሻዎች ላይ ከጎንደርና ከጎጃም የመጣው የወቅቱ ዘፈን ከቀድሞው ስደተኛ የድሮ ዘፈን ጋር ተገናኘ። ያን ጊዜ ነው ብዙው ስደተኛ «የኔ ዘፈን የድሮ ሆነ ማለት ነው?» ብሎ ራሱን የጠየቀው።

በመጋቢት ወር 2000 ከ1991 በፊት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት ምክንያታቸው አብቅቷል ተብሎ ሕጋዊ ከለላቸው ተነሣ። ብዙዎች ተመለሱ፤ የኡም ራኩባ መጠለያም ባዶ ቀረ። ወረቀቱ ስደቱ አበቃ አለ። ትዝታ ግን በወረቀት አይታዘዝም።

አምስት ድምፅ የሚጋሩ ጎረቤቶች

ስደተኛው በሱዳን ምድር በጆሮው ፍጹም ባይተዋር አልሆነም። የሱዳን ዘፈንም እንደ ኢትዮጵያው በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረተ ነው። ግብፃዊ ዘፈን ለሐበሻ ጆሮ ሩቅ ሆኖ ሳለ የሱዳኑ ቤተ ዘመድ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች የሰይድ ኸሊፋና የመሐመድ ወርዲ ዘፈኖች ዐረብኛ በማያውቁ ሰዎች ሰርግ ላይ ሲያስጨፍሩ ኖረዋል። በገዳሪፍና በካርቱምም ማሕሙድ አሕመድንና ጥላሁንን አማርኛ የማያውቁ ሽማግሌዎች በስም ያውቋቸዋል።

የወርዲ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ የተለየ ትርጉም አለው። ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ወርዲ ራሱ ከአገሩ የተሰደደ ሰው ነበር። በ1994 አዲስ አበባ ላይ ታላቅ ዝግጅት አቀረበ፤ ቅጂውም በኋላ በአልበም ወጣ። አንድ የሱዳን ስደተኛ በኢትዮጵያ መድረክ ላይ ሲዘፍን፣ ብዙ የኢትዮጵያ ስደተኞች ደግሞ ያንኑ ቅጂ በሱዳን ምድር ሆነው አዳመጡት። የአንዱ አገር ትዝታ የሌላው አገር እንግዳ ሆነ።

የልጆቹ ልጅነት

እስካሁን የተወሳው የወላጆች ትዝታ ነው። በገዳሪፍ ተወልደው ያደጉት ልጆች ግን ሌላ ልጅነት ነበራቸው።

አዲስ አበባ ላይ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1964 ከተጀመረ አንሥቶ ለአርባ ሁለት ዓመት የልጆች ተረት ያወራው ተስፋዬ ሣህሉ ነው፤ ሁሉም «አባባ ተስፋዬ» ይላቸው ነበር። በ2017 ሲያርፉ ያለቀሱላቸው ልጆች አልነበሩም፤ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ጭምር ነበሩ። ገዳሪፍ ያደገው የስደተኛ ልጅ ግን አባባ ተስፋዬን አያውቃቸውም። እርሱ ያደገው በዐረብኛ በተመለሱ የጃፓን ካርቱኖች ነው፦ በገሬንዳይዘር፣ በዐድናንና ሊና፣ በካፒቴን ማጂድ። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ደማስቆ ላይ የተቋቋመው ስፔስቱን የተባለ የልጆች ጣቢያ በሳተላይት እየገባ ይህን ዓለም አሰፋው።

እነዚህ ካርቱኖች በሠፈር ዐረብኛ አይናገሩም ነበር። ተርጓሚዎቻቸው ከሞሮኮ እስከ ኦማን ያለ ልጅ እንዲረዳው ፉስሐ የሚባለውን የጽሑፍ ዐረብኛ መረጡ። የጃፓኑን ኳስ ተጫዋች ፁባሳን ማጂድ ብለው ሰየሙት። በዚህም የተነሣ ቤቱ አማርኛ፣ መንገዱ የሱዳን ዐረብኛ የሆነው ልጅ የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ ከጃፓን ሮቦት አፍ ተማረ። ወላጆች «ጊዜህን በካርቱን አታጥፋ» ብለው ሲቆጡ፣ ልጁ ሳያውቀው የነገውን ፈተና እያጠና ነበር።

ከሁሉም የሚደንቀው የገሬንዳይዘር ታሪክ ነው። ጃፓን ውስጥ በ1975 የወጣው ይህ ካርቱን የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ በነበረችው ሊባኖስ በ1979 በዐረብኛ ተቀዳ። መክፈቻውን የዘፈነው ሳሚ ክላርክ ነበር። የታሪኩ ጀግና ፕላኔቱ በጦርነት የጠፋችበት፣ ወደ ምድር ሸሽቶ በአንድ ደግ ሳይንቲስት ቤት እንደ ልጅ የተጠለለ ልዑል ነው፤ ባጭሩ ስደተኛ ነው። አባቱ ስለ ተወው አገር ዝም ያለበት ልጅ፣ አገሩን ያጣ ጀግና በሰው ምድር ላይ ሲታገል በየቀኑ ይመለከት ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ መክፈቻውን ሲሰማ ዐይኑ ቢያቀር «ለካርቱን ያለቅሳል» ማለት ያስተዛዝባል።

ስሜቱ የገዳሪፍ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ነገር በ2022 ሪያድ ላይ ታየ። ቁመቱ ከ33 ሜትር በላይ የሆነ የገሬንዳይዘር ሐውልት ቆመ፤ በዓለም ትልቁ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ የብረት ሐውልት ተብሎም ተመዘገበ። በ2024 ደግሞ አንድ የሳዑዲ ኩባንያ የተሳተፈበት አዲስ የገሬንዳይዘር ተከታታይ ወጣ። በሰማንያዎቹ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጡት ልጆች አድገው የገንዘብና የሥልጣን ባለቤት ሲሆኑ የልጅነታቸውን ጀግና በብረት አቆሙ። የገዳሪፉ ልጅ ሐውልት ማቆም አይችልም፤ በስልኩ ያዳምጣል።

ችግሩ ሁለቱ ትዝታዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አለመገናኘታቸው ነው። አባት ጥላሁንን ሲያዳምጡ ልጁ ዜማውን እንጂ ሰምና ወርቁን አይሰማም። ልጁ የማጂድን ዘፈን ሲያንጎራጉር አባት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ያልፋሉ። ሁለቱም የየራሳቸው የጠፋ አገር አላቸው፤ የአባት አገር በተራራ ማዶ ነው፣ የልጁ አገር በቴሌቪዥን ውስጥ ነበር።

መንደር 8

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ሆኖ እንዳይቀር፣ በ2020 ኅዳር የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሲፈነዳ ከስድሳ ሺህ በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። ከመሻገሪያዎቹ በአንዱ የመጣው ሕዝብ መጀመሪያ ያረፈው በመንደር 8 ነበር። ቁጥር እንጂ ስም የሌለው ይህ ሠፈር የአትባራና የሰቲት ግድብ ሲሠራ ከመሬታቸው ለተነሡ ሱዳናውያን ከተሠሩት መንደሮች አንዱ ነው። የተፈናቀለ ሰው ሠፈር ሌላ ተፈናቃይ ተቀበለ ማለት ነው። ከዚያም ብዙዎቹ ወደ ቱናይድባና እንደ ገና ወደ ተከፈተው ወደዚያው ወደ ኡም ራኩባ ተወሰዱ። ከሰማንያዎቹ ትውልድ አንዳንዱ በወጣትነቱ የኖረበትን መጠለያ በሽምግልናው ዳግም አየ። ልዩነቱ አዲሶቹ ወጣቶች ዘፈናቸውን በካሴት ሳይሆን በጥፍር በምታክል የስልክ ካርድ ይዘው መምጣታቸው ነው።

በ2023 ሚያዝያ ጦርነቱ ወደ ካርቱም ሲገባ ደግሞ አስተናጋጁ ራሱ ተሰዳጅ ሆነ። ገዳሪፍ ከዋና ከተማው በሸሹ ሱዳናውያን ተሞላች። ኦምዱርማን የሚገኘው የአገሪቱ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ እስከ መጋቢት 2024 በጦርነቱ እጅ ወደቀ፤ በዚያ የተከማቹት የአሥርት ዓመታት የዘፈን ቅጂዎች ዕጣም ሱዳናውያንን አስጨነቀ። ዛሬ በገዳሪፍ የወርዲን ዘፈን እየሰማ ዝም የሚለው የካርቱም ሽማግሌ፣ ትናንት ጎረቤቱ ሐበሻ ለምን ያንኑ ካሴት እንደሚደጋግም ግራ ይገባው የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል። አሁን አይገባውም ማለት አይቻልም።

የሚቀረው ሥራ

ትዝታ በልብ ቢቀመጥም ክሩ ግን ይበሰብሳል። የካሴት ክር ላይ የተቀባው የብረት ብናኝ በሙቀትና በአቧራ ይረግፋል፤ የገዳሪፍ ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ለሰውም አይራሩ። አንድ ካሴት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያስተምራል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በ1981 ከባንዱ ጋር ለዝግጅት አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ ባለቤቱን አፈላልጎም በ2013 ዳግም አሳተመው። ኃይሉ በሽምግልናው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው አንድ ካሴት ስላልጣለ ነው።

በገዳሪፍ፣ በዶካ፣ በገላባትና በመተማ ስንት ቤት በአልጋ ሥር የካሴት ሣጥን አለ። በንግድ ያልወጡ የሰርግ ቅጂዎች፣ ከዘመድ የተላኩ የድምፅ ደብዳቤዎች፣ የሞቱ እናቶች ምርቃት ከዘፈኑ መካከል አሉ። እነዚህን በስልክ መቅዳት ዛሬ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ የሚሠራ ቴፕና አንድ ትዕግሥተኛ ልጅ ይበቃል። ከመቅዳቱ ይልቅ የሚከብደው ከካሴቱ ጋር የሚጠፋውን መጻፍ ነው፦ ማን ዘፈነው፣ ማን ይዞት መጣ፣ በየት በኩል፣ በየትኛው ዓመት። ይህን የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ናቸው፤ ቴክኖሎጂውን የሚያውቁት ልጆች ናቸው። አባት ሰምና ወርቁን ለልጃቸው ሲያስረዱ፣ ልጅም የዚያን አገር አልባ ልዑል ታሪክ ለአባቱ ሲተርክ፣ በአንድ ቤት የነበሩት ሁለት ወጣትነቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ይተዋወቃሉ።

በቡና ቤቱ ሽማግሌው ዘፈኑ ሲያልቅ ሲኒያቸውን ያስቀምጣሉ። ያቺ ወጣት «ጋሼ፣ ዛሬም ያንኑ?» ያለችው ለቀልድ ነበር። ጥያቄዋን አንድ እርምጃ አርቃ «ይሄን መጀመሪያ የሰሙት የት ነው?» ብትላቸው፣ መልሱ ከአንድ ቡና በላይ ጊዜ ይፈጃል። ወረቀትና እስክሪብቶ ማዘጋጀት የሚያስፈልገው ለዚያ ሰዓት ነው።